ከሳሽ

እኛ አገር፣ ሰቆጣ፣ «ወፈርሽ» ስድብ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ሰው በር ላይ እየተሳመ በዓይን ይመዘናል። ጉንጩ ሞላ ያለ እንደሆነ «ተመስገን፣ ተመችቶሻል» ይባላል። የሚያስደነግጠው ሌላኛው ቃል ነው፦ «ከሳሽ»። ሲጻፍ ፍርድ ቤት ከሚቆመው ከሳሽ ጋር አንድ ነው፤ የሚለያቸው «ሳ» መጥበቋ ብቻ ነው። አያቴ ስትለው ግን ሁለቱም አሉበት። ልጇን እንዲህ ያደረገባትን ትከሳለች፣ ማን እንደሆነ ባታውቅም።

ይህን ቃል እቴቴ ላይ ስትጥለው የሰማሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። እቴቴ የምንላት አክስታችን ናት፣ አሜሪካ የምትኖር። እኛ በፎቶ የምናውቃት 128 ኪሎ ሆና ነበር፤ ስትመጣ 84 ነበረች። አያቴ አቅፋት ስታበቃ የትከሻዋን አጥንት በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የለቀስተኛ ቤት መሰለ። ጎረቤት እየመጣ አይቷት ይሄዳል፣ ደጅ ላይ ያንሾካሹካል። በዚያ ትውልድ አእምሮ አንዲት ሴት በድንገት ከከሳች ምክንያቱ አንድ ነው፤ «በሽታው» ነው፣ ስሙ አይጠራም። እቴቴ ሦስት ቀን ጠበል ተጠመቀች፣ አፏን ዘግታ። አያቴ ደግሞ ለውቅር መስቀለ ክርስቶስ ተሳለች፦ ልጄን ወደ ቀድሞ ሰውነቷ መልስልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ።

በሽታ አልነበረም። እቴቴ በ2009 ዓ.ም. ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ጥገና አድርጋ ነበር። ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው በቁመቱ ተቆርጦ ይወጣል፣ የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጠርዙ በስቴፕል ይሰፋል። የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ስለሆነ፣ ቦታው መጥበቡ ብቻ ሳይሆን ረሃቡ ራሱ ድምፁን ይቀንሳል። ይህን ለኔ ነግራኛለች። ለእናቷ አልነገረችም። አልፈርድባትም።

አያቴ በ1977 የእቴቴ እርጉዝ ሆና ከዋግ ተራራ ወርዳ በእግሯ ኮረም ገብታለች። ኮረም ማለት በዚያ ዓመት ጥቅምት የቢቢሲ ካሜራ ገብቶ ዓለምን ያስለቀሰባት ቦታ ናት። እቴቴ የተወለደችው ከዚያ ወራት በኋላ ነው፣ አያቴ እንደምትለው «የድመት ግልገል አክላ»። ከዚያ ወዲህም ቢሆን የከተማችን ስም አገር ውስጥ የሚነሳው ከምግብ እጦት ጋር ነው። ሐምሌ 2007 መንግሥት የልጆችን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰየመው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለች እናት፣ ልጅሽ ገንዘቧን ከፍላ ጨጓራዋን አስቆረጠች ብሎ የሚነግር ይምጣ።

ከዚያ ኪሎው መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። በ2014 ላይ 109 ደርሳ ነበር። ያ ዓመት ለኛ ቤት ክፉ ነበር፤ ጦርነቱ ዋግ ገብቶ ስልክ ተቋርጦ፣ እናቷ ትኑር አትኑር ሳታውቅ ሌሊቱን ኩሽና ውስጥ ቆማ የምታሳልፍበት ወቅት ነበር። ግን ዋናው ችግሯ ኪሎው እንኳ አልነበረም፣ ቃር ነው። ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ግፊት ስለሚበዛ ከስሊቭ በኋላ አሲዱ ወደ ላይ መመለሱ የታወቀ ነገር ነው። በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር የምትተኛው። ኢንዶስኮፒ ሲደረግላት የምግብ ቧንቧዋ ታች ታቹ ተቃጥሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ያናደደኝን ነገር ልበል። በዚህ ሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ኪሎ ሲመለስ የሚጠሩበት አንዱ ቃል «ሪሲዲቪዝም» ነው። ከእስር ተፈትቶ መልሶ ወንጀል ለሚሠራ ሰው የተሰጠ ቃል! የልብ ቧንቧው ተከፍቶለት መልሶ የጠበበበትን ሰው ማንም እንዲህ አይለውም። እቴቴ ጽሑፉን አላነበበችም፣ ግን ቃሉ ደርሷታል። «አበላሸሁት» ትለኝ ነበር በስልክ፣ «የሰጡኝን ዕድል በላሁት»። አሲድ ወደ ላይ የሚመልስ ቱቦ በጸባይ የሚስተካከል ይመስል።

ሰቆጣ ላይ ግን በዓል ነበር። መስመሩ ተመልሶ እቴቴ በቪዲዮ ስትታይ ጉንጯ ሞልቷል። አያቴ ስልኩን ስማ እልል አለች። በሳምንቱ ጃንጥላውን ገዝታ፣ ጠርዙ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ፣ ስለቷን አስገባች። አሜሪካ ውስጥ «አልተሳካም» ተብሎ የተመዘገበው ነገር ዋግ ውስጥ የሰመረ ስለት ነው።

የእርማት ቀዶ ጥገናው ቀን የተቆረጠው በ2016 ነው። ስሊቩን ወደ ባይፓስ መቀየር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሐኪሙ የሚገባው ጠባሳና የቆየ ስፌት ባለበት ሥጋ ውስጥ ነው፣ የመፍሰስም የመድማትም ዕድሉ ከፍ ይላል። ኪሎውም ብዙ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይወርድም። እቴቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲህ ሳልነግራት አልገባም» አለች። እኔ ያን ጊዜ ሰቆጣ ነበርኩ። ስልኩን ድምፅ ላይ አድርጌ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

«እማ፣ ልታከም ነው። ቃር አስቸግሮኛል።»

«እግዜር ይማርሽ። ተልባ ጠጪ።»

«እማ፣ ያኔ ስመጣ የከሳሁት ታምሜ አይደለም። ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው። ወፍሬ ስለነበር።»

አያቴ ስልኩን አየችው፣ ከዚያ እኔን። «ማን አስገደዳት?» አለችኝ፣ እሷ እንዳልሰማች ሁሉ።

«ማንም፣ እማ። ከፍዬ።»

«ሰው ከፍሎ ይራባል?»

«አልራበኝም እኮ! እሱ ነው ደስ ያለኝ። እድሜ ልኬን የሚጮህብኝ ነገር ሁለት ዓመት ዝም አለልኝ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ አያቴ ያልጠበቅነውን ነገር ተናገረች፣ ቀስ ብላ፦ «እንግዲያው ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ። በስለቴ።»

እቴቴ ማዶ ሆና ማልቀስ ጀመረች፣ መልስ የምሰጠው እኔ ሆንኩ። ስለት አይደለም አያቴ፣ ሥጋ ነው አልኳት። ባይፓሱንም በምታውቀው ነገር አስረዳኋት፤ ወንዝ እንደመጥለፍ ነው። ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የስኒ ግማሽ የማይሞላ ከረጢት ይለያሉ፣ አንጀቱን ቆርጠው ወደ እሱ ያመጣሉ፤ ምግቡ በአዲሱ ቦይ ይወርዳል፣ አሲዱም ወደ ላይ የሚመጣበት መንገድ ይዘጋል። «አሮጌው ቦይስ?» አለች። እዚያው ነው፣ ብቻ ምግብ አያልፍበትም።

ያልነገርኳት ነገር አለ። ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 45 በነበረው የረሃብ ክረምት በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ረሃብ ያገኛቸው ወንዶች፣ 19 ዓመት ሲሞላቸው ከሌሎቹ በበለጠ ወፍረው ተገኝተዋል። እኛው ጎረቤት ራያ ቆቦም፣ በ1977ቱ ረሃብ ጽንስ በነበሩ ሰዎች ላይ ተመራማሪዎች ጥናት አድርገው፣ ወገብ የሚያሰፋው፣ ስኳርና ግፊት የሚያስከትለው የጤና መዛባት ከፍ ብሎ አግኝተውባቸዋል። ይህ ስለ ብዙ ሰው የሚነገር ነገር ነው፤ ከእቴቴ 128 ኪሎ ስንቱ ከኮረም መንገድ እንደመጣ፣ ስንቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት የማታ ፈረቃ እንደመጣ የሚለካ ሚዛን የለም። እኔ ሲቆጣ የኖረ ሰውነት መንገድ ሲዘጉበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል ብዬ አስባለሁ። ለአያቴ ብነግራት ግን የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማህፀኔ ነው ያበላሸው። ስለቷን ከላይዋ አንስቼ እርግዝናዋን ልጭንባት አልፈለግሁም።

ቀዶ ጥገናው ሰላም ሆነ። ቃሩ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ፣ እቴቴ ከዓመታት በኋላ ጋደም ብላ ተኛች። ኪሎዋ ዛሬ 93 ነው፣ እሱም ቀስ እያለ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም ዕድሜ ልክ ትወስዳለች። እንጀራ በጣም ካላኘከችው ይቆምባታል፣ ጉርሻ የሚባል ነገር ቀርቷል። አንድ ነገር ግን ከሁሉም ከበዳት። አያቴ በሰው እጅ የዋግ ነጭ ማር ላከችላት፣ ለመጠገኛ ብላ። ሁለት ማንኪያ ቀመሰች፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ልቧ መታ፣ ላብ አጠመቃት፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀመጠች። ዳምፒንግ ይሉታል፣ ጣፋጭ ነገር ሳይቆይ በቀጥታ አንጀት ሲገባ የሚመጣ። ማሩን ግን አልጣለችውም። እንግዳ ሲመጣ በጣት ታስቀምሳለች።

ባለፈው እሁድ ሦስታችንም ስልክ ላይ ነበርን። አያቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፍየሎቹ አወራች። ከዚያ ድንገት፣ ሲከነክናት የከረመ እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ያን መጀመሪያ የቆረጡትን» አለች፣ «የት ቀበሩት?»

እቴቴ ሳቀች። «አልጠየቅኋቸውም፣ እማ።»

«ጠይቂያቸው እንጂ» አለች አያቴ። «ከኮረም ተሸክሜ ያመጣሁት ነው።»