ጉርሻ በባሕር ላይ

በአማርኛ ምግብንና ገንዘብን አንድ ላይ የያዘ ቃል አለ፤ ጉርሻ። እናት በእጇ ጠቅልላ ልጇን የምታጎርሰው እንጀራ ጉርሻ ነው። ምግብ ቤት በልታችሁ ስትወጡ ከሂሳቡ በላይ ለአስተናጋጁ የምትተዉለት ገንዘብም ጉርሻ ይባላል። ቤት ውስጥ ያደጋችሁበት የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ካፌ ከገባችሁ ግን ሁለተኛውንም ትሰማላችሁ። አንዳንዱ ሰው «ቲፕ» ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ብሩን አጣጥፎ እጅ ውስጥ እያስጨበጠ «ለሻይ ነው» ይላል። ሌላውም ዓለም በመጠጥ ያሳብባል። ጀርመኖች «ትሪንክገልድ» ይላሉ፤ የመጠጥ ገንዘብ ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ፑርቧር» ሲሉ ለመጠጫ ማለታቸው ነው። ሩሲያውያንም ልክ እንደ እኛ «ለሻይ» ይላሉ። «ደሞዝህ ይኸውልህ» ብሎ ጉርሻ የሚሰጥ ሰው አላጋጠመኝም።

ነገሩ የሚከብደው ጉርሻው ደሞዝ ሲሆን ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከባለቤቴ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጃችንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ከሲያትል ተነስተን በመርከብ ወደ አላስካ ሄድን። ጉዞው ሰባት ሌሊት ነው፤ ጁኖ፣ ስካግዌይ፣ ኬቺካን፣ ሲመለሱ ደግሞ የካናዳዋ ቪክቶሪያ። ስለ በረዶውና ስለ ዓሣ ነባሪዎቹ ብዙ ሰው ስለጻፈ እኔ አልደግመውም። እኔ የማወራችሁ ስለ ሂሳቡ ነው።

በእንደነዚህ ያሉ መርከቦች ላይ ጉርሻ በየቀኑ በራሱ ይቆረጣል። በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ በአሁኑ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ሰፊ ክፍል የያዘ ሰው ከዚያ በላይ ይከፍላል። በእኛ መርከብ 16 ዶላር ነበር፤ ልጃችንም እንደ አዋቂ ተቆጥራለች። ለአራት ሰው፣ ለሰባት ቀን፣ 448 ዶላር መጣ። ገንዘቡ ክፍል ለሚያጸዱት፣ ምግብ ለሚያቀርቡትና ፊታቸውን ለማናየው ሠራተኞች እንደሚከፋፈል ተጽፏል። ከዚህ ሌላ ባር ላይ በምታዙት መጠጥ ሁሉ ላይ 18 ወይም 20 በመቶ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ደረሰኙ ሲመጣ ከታች አንድ ባዶ መስመር አለ። «ተጨማሪ ጉርሻ» ይላል። መጠጡን ያመጣው ልጅ እስክሪብቶውን እዚያች መስመር ላይ አሳርፎ ፈገግ አለ።

ሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ ልጁን ሳይሆን መስመሯን አየኋት። እንዲህ ያለች መስመር እንዲያው በአጋጣሚ አትቀመጥም። አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ የት እንደምትሆን፣ ምን ያህል እንደምትሰፋ ወስኗል። ቡና ስትገዙ ታብሌቱን ወደ እናንተ አዙረው 18፣ 20 እና 25 በመቶ የሚሉ ሦስት ትልልቅ ቁልፎች ሲያሳዩአችሁ፣ «ምንም» የሚለው ቁልፍ ለምን ጥግ ላይ የተወሸቀ ይመስላችኋል? በሙያችን በደንብ የታወቀ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የተመረጠውን አብዛኛው ሰው አይቀይረውም። ወረፋ ላይ ከኋላችሁ ሰው ቆሞ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይቀይረውም።

መርከቡ የማን ነው? ይህን የተረዳነው ወርደን ከኋላ ስናየው ነው። ከስሙ በታች «ናሶ» ተብሎ ተጽፏል። ናሶ የባሃማስ ዋና ከተማ ናት። የኩባንያው ቢሮ አሜሪካ ነው፣ ከተሳፋሪው የሚበዛው አሜሪካዊ ነው፣ መነሻው ሲያትል ነው፤ ባንዲራው ግን የባሃማስ ነው። ሌሎች መርከቦች የፓናማን ወይም የቤርሙዳን ባንዲራ ያውለበልባሉ። የሠራተኛው ሕግ የሚከተለው ባንዲራውን ስለሆነ የአሜሪካ ዝቅተኛ ደሞዝ መርከቡ ላይ አይሳፈርም። (ቪክቶሪያ ላይ የምንቆመውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ስለዚህ ካናዳን ረገጥ አድርጎ ይመለሳል። እናቴ የቆምነው ለአበባው መስሏት ነበር፤ አላረምኳትም።)

ዓለም አቀፍ ሕግ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2013 ሥራ ላይ የዋለ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ። በዚያ መሠረት የሥራ ሰዓት ጣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ 14 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ 72 ሰዓት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሠራተኛውን ለመጠበቅ የተደረገው ገደብ ነው።

የክፍላችን አስተናጋጅ ኢንዶኔዥያዊ ነበር። ኮንትራቱ ስምንት ወር ሲሆን በመሃሉ የእረፍት ቀን የለም። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ልጄን አስተርጓሚ አድርጋ ስንት ልጆች እንዳሉት ጠየቀችው። ሁለት አሉት። ትንሹ ሲወለድ እሱ ባሕር ላይ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔን!» ብላ ደረቷን ያዘች። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ክፍል አጽድታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ጠዋት ጠዋት እሱ ከመምጣቱ በፊት አልጋዋን ራሷ ታነጥፍ ነበር። ብንነግራትም አልሰማ አለች። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ፎጣውን አጣጥፎ አንድ ቀን ዝሆን፣ አንድ ቀን ዝንጀሮ ሠርቶ ለልጄ አልጋ ላይ ያስቀምጥላታል።

በስድስተኛው ቀን በራችንን አንኳኳና ቆመ። ጉዞው ሲያልቅ በኢሜይል መጠይቅ እንደሚደርሰን ነገረን። «እባካችሁ፣ ደስ ያላላችሁ ነገር ካለ አሁን ለእኔ ንገሩኝ። ከ10 ስምንት ከሰጣችሁኝ ለእኔ እንደ መውደቅ ነው» አለ። ይህን የተናገረው እንደ ቀልድ እየሳቀ ነው፤ እጆቹ ግን ያችኑ ፎጣ ደጋግመው ያጥፏት ነበር። በዚያው ምሽት እራት ላይ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ያየነው የአስተናጋጆቹ አለቃ ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ ስለ ጤናችን፣ ስለ ጉዟችን ጠየቀ። ጨርሶም አልሄደ። ኪሴን የሚያይ ዓይን ነበረው። አመስግኜ ጨበጥኩትና ወደ ምግቤ ተመለስኩ።

ልጄ ሁሉንም ስታይ ቆይታ «አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚለምኑን?» አለች።

እኔ መልሱን ሳሰላስል እናቴ ቀደመችኝ። «ልመና አይደለም ልጄ። ሠርቶ ነው የሚጠይቀው» አለቻት። ልጄ ግን በዚህ አልረካችም። «ከሠራማ ለምን አይከፍሉትም?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ረጅም ታሪክ አለ፤ ባቡር ላይ የሆነ ታሪክ ነው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ፑልማን የተባለው ኩባንያ የመኝታ ባቡሮቹን እንዲያገለግሉ ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮችን ቀጠረ። ደሞዛቸው አነስተኛ ነበር፤ የቀረውን ተሳፋሪው በጉርሻ እንዲሞላው ተተወ። ተሳፋሪዎቹም ስማቸውን መጠየቅ ስለማይፈልጉ ሁሉንም «ጆርጅ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ በኩባንያው ባለቤት በጆርጅ ፑልማን ስም። እ.ኤ.አ. በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ። ከኩባንያው ጋር ውል ለመፈራረም ግን እስከ 1937 መታገል ነበረባቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። የጠየቁት የተሻለ ጉርሻ አልነበረም፤ ደሞዝና የተወሰነ የሥራ ሰዓት ነበር።

ያ ልማድ ከባቡሩ ጋር አልቀረም። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው እንዲከፍል የሚገደደው ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፤ ከ1991 ጀምሮም አልተነካም። ጉርሻው ተጨምሮ መደበኛው ዝቅተኛ ደሞዝ ላይ መድረስ አለበት ይባላል። እኛ የምንኖርበት ዋሽንግተን ስቴት ይህን አይፈቅድም፤ አስተናጋጁም እንደማንኛውም ሠራተኛ ሙሉውን ዝቅተኛ ደሞዝ ያገኛል። ታብሌቱ ግን እዚህም መዞሩን አላቆመም።

ማስተርሴን የሠራሁት ጀርመን አገር ነው። ቅዳሜና እሁድ ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሰዓት 8.50 ዩሮ የሚል ዝቅተኛ ደሞዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ሲወጣ እዚያው ነበርኩ። ሂሳቡ 18.60 ዩሮ የመጣበት ሰው 20 ይሰጠኝና «ሽቲምት ዞ» ይለኛል፤ መልሱን ያዘው እንደማለት ነው። አንዳንዱ ሳንቲሙን ቆጥሮ ይወስዳል። ጉርሻ ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ ሳላገኝም ቀና ብዬ እሄዳለሁ፤ የቤት ኪራዬ በማንም ፊት ላይ አልተንጠለጠለም። ለልጄ ልዩነቱን ያስረዳኋት በዚህ ነው። ያ ኢንዶኔዥያዊ ግን ቀና ብሎ የሚሄድበት ቦታ አልተሰጠውም።

የመጠይቁንም ነገር ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍሬድ ራይክሄልድ የተባለ አማካሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ደንበኛን ከ0 እስከ 10 «ለወዳጅህ ትመክራለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው፤ 9 እና 10 የሰጠ ወዳጅህ ነው፣ 7 እና 8 የሰጠ አይቆጠርም፣ ከዚያ በታች ያለው ነቃፊህ ነው። ሐሳቡ የቀረበው ስለ ኩባንያ ነበር። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች በየመተግበሪያው አስገባነው፤ ከዚያ ወርዶ ወርዶ ፎጣ የሚያጥፈው ሰው ላይ አረፈ። በእኛ አገር ትምህርት ቤት ከአሥር ስምንት ያመጣ ልጅ ይመሰገናል። እዚህ ስምንት የሰጣችሁት ሰው ከአለቃው ፊት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የሠራ ሰው ከሆነ እኔ 10 እሰጣለሁ፤ እውነተኛ ቅሬታ ካለኝ ከቁጥሩ ይልቅ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ፤ በሠራተኛው ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ፤ ከወገኖቻችንም ዘንድ ሰምቼዋለሁ። በብዙ መርከቦች ላይ ያንን የቀን ተቆራጭ እንግዳ መቀበያው ጋር ሄዶ ማስቀረት ይቻላል። «በእጄ ብሰጠው ይሻላል፤ ኩባንያው አይበላበትም» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ቅን ነው። ችግሩ በእጃችሁ የምትሰጡት ለምታዩት ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ከታች ሆኖ አንሶላ የሚያጥበውን፣ ሌሊት ሳህን የሚያጥበውን አታገኙትም። ካስቀሩት ሰዎች ደግሞ ስንቱ በእጁ እንደሚሰጥ እንጃ። ተቆራጩን የቲኬቱ ዋጋ ክፍል ነው ብላችሁ ገና ከቤት ሳትወጡ አስሉት፤ እኛ 448ቱን አስቀድመን ደምረን ነው ጉዞው አቅማችን መሆኑን የወሰንነው። እንዲያውም ሁሉም ኩባንያ እንዲህ ቢያደርገው እመርጣለሁ። የእንግሊዙ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ከ2019 ጀምሮ ለብቻው ይጠየቅ የነበረውን የቀን ጉርሻ አስቀርቶ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ አካቶታል። አውሮፓ ያላችሁ ስታወዳድሩ ይህን እዩ፤ ርካሽ የመሰለው ቲኬት ተቆራጩ ሲደመርበት ርካሽ ላይሆን ይችላል።

ባዶዋን መስመርስ? 18 በመቶ ከላይ ተቆርጦ ከሆነ ሰርዤባት እፈርማለሁ። ልጁ ቢከፋው አልፈርድበትም፤ እኔም አልሳቀቅም። ከተቆራጩ በላይ መስጠት የምፈልገው በእውነት ላገለገለን ሰው ነው፤ ለዚያም ከቤት ስንወጣ የአምስትና የአሥር ዶላር ኖቶች ይዤ እወጣለሁ፤ መርከብ ላይ ዝርዝር ለማግኘት ረጅም ወረፋ አለ።

እናቴ የራሷ ዘዴ ነበራት። በመጨረሻው ሌሊት ከእኔ 60 ዶላር ወሰደችና በፖስታ አድርገን እንስጠው ስንላት «ፖስታ ምን ያደርጋል?» አለች። ብሩን አጣጥፋ መዳፏ ውስጥ ያዘች። ጠዋት በሩ ላይ ስትሰናበተው በሁለት እጇ ጨበጠችውና ጉንጩን ሳመችው። ስትለቀው ብሩ እሱ ጋ ነበር። «ለልጆችህ ነው በለው» አለችኝ። አልኩት።

መጠይቁ በሦስተኛው ቀን በኢሜይል ደረሰን። ልጄ እኔ ልሙላ ብላ ከጎኔ ተቀመጠች። 10 ላይ ተጫነች። ከታች አስተያየት የሚጻፍበት ሳጥን አለ። መጀመሪያ የአስተናጋጁን ስም ፊደሉ እንዳይሳሳት ከፎቶው ላይ ካለው የደረቱ ካርድ እያየች ጻፈች። ቀጥላ ስለ ዝንጀሮው ጻፈች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞር ብላ «‹እረፍት ስጡት› ብዬ ብጽፍ ይቆጡታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

በእሱ ስም ሳይሆን በእኛ ስም እንድትጽፈው ነገርኳት።