አስቴር ከቤት ከወጣች በኋላ



በመጽሐፈ አስቴር ሁለተኛ ምዕራፍ ውስጥ ለዓመታት እያነበብኩ ያለፍኩት ቁጥር አለ። ስሰብክ ወደ ምዕራፍ አራት እቸኩል ነበር፤ ሰው "አሜን" የሚለው እዚያ ነውና። ቁጥር 11 ግን የሚናገረው ስለ አንድ ሰው ምልልስ ነው። መርዶክዮስ አባትና እናት የሌላትን የአጎቱን ልጅ ወስዶ አሳደገ። ልጅቷ አደገችና ወደ ንጉሡ ግቢ ተወሰደች። የአሳዳጊነቱ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን በየቀኑ እርሷ ካለችበት ግቢ ፊት እየሄደ ደኅንነቷን ይጠይቅ ነበር።

ይህን ቁጥር ያስተማረኝ የነገረ መለኮት ኮሌጅ አይደለም። ካላዛር የያዘው አንድ ወጣት ነው።

ልጁን በዘጠኝ ዓመቱ በአደራ ተቀብለው ያሳደጉት የአጥቢያችን እናት፣ ሻይ ሸጠው የሚኖሩ መበለት ናቸው። የደብተርና የዩኒፎርም ወጪውን አንድ ድርጅት ይሸፍን ነበር። 18 ዓመት ሲሞላው ድጋፉ ቆመ፤ ደንቡ ነው። እሑድ ዕለት ከጉባኤው ፊት አቆምነው፣ መጽሐፍ ቅዱስና ብርድ ልብስ ሰጠነው፣ እጄን ጭኜ ጸለይኩለት። እልልታው ቀለጠ፤ ፎቶም ተነሣን። በዚያው ሳምንት "ለእማማ ሸክም አልሆንም" ብሎ ወደ ሰሊጥ እርሻ ወረደ።

የመተማንና የቋራን ቆላ ለማታውቁ፦ በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ ከደጋው ብዙ ወጣት ወደዚህ ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርሶ ከዘገየ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ሠራተኛው እርሻው ላይ ያድራል፤ በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት ላይ፣ በግራር ሥር። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትገኘው እዚያው ነው። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል። የወባ መድኃኒት ይዋጣል፣ ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል።

ጥር ላይ እናቱ ቤቴ ድረስ መጡ። "ፓስተር፣ ልጄ ስልኩን ካነሣ ሦስት ሳምንት አለፈው" አሉኝ። እኔ ከዚያ እሑድ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩለትም ነበር። አራት ወር! ለስብሰባ፣ ለመዘምራን፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ስደውል የዋልኩ ሰው ነኝ።

ካምፕ ውስጥ በጆንያ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ያ ብርድ ልብስ አጠገቡ ነበር። ሆስፒታል ስናደርሰው መዝጋቢዋ ስሙን ጠየቀችው፣ ዕድሜውን ጠየቀችው፣ ከዚያ "የቅርብ ተጠሪህ ማነው?" አለችው።

"የለኝም" አለ።

አጠገቡ ቆሜ ነበር። እኔን ለመውቀስ አይደለም ያለው፤ ስሙንና ዕድሜውን እንደተናገረ በዚያው ድምፅ ነው የመለሰው። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ውሸት የተናገርኩ ያህል ፊቴ ጋለ።

17 ቀን መርፌ ተወጋ። እናቱ፣ ባለቤቴና እኔ እየተፈራረቅን አስታመምነው። አንድ ሌሊት ለምን ለእናቱ እንዳልደወለ ጠየቅኩት። "ብነግራቸው ጀበናቸውን ሸጠው ይመጡ ነበር" አለ። ቀጥሎም፣ "ስወጣ የፈራሁት ረሃብን አልነበረም፣ ፓስተር። ስታመም ለማን እደውላለሁ የሚለውን ነው" አለኝ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት ዘመድ፣ የአደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ እንዲታዩ ይላል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቀረ። መልካም ነው፤ ልጆቻችን የእኛው ናቸው። ነገር ግን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት በመተማ ድንበር ያመጣብንን ሕዝብ ላየ ሰው፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ቁጥሩ አልቀነሰም። ጥያቄው ልጁ ሲያድግስ የማን ነው የሚለው ነው። የብሪስቶሉ ጆርጅ ሙለር እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ ወላጅ አልባ ልጆችን ሲያሳድግ፣ የጸሎቱን ታሪክ ሁላችንም እንናገራለን። ወንዶቹን ሙያ ከሚያስተምር ባለሙያ ጋር አገናኝቶ፣ ልብስና መጽሐፍ ቅዱስ አስይዞ ይሸኝ እንደነበር ግን ብዙ አንናገርም። እኛ ከዚህ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሱን ብቻ ነው የወሰድነው።

ልጁ ካገገመ በኋላ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን የሚዛን ሥራ ተገኘለት። አሠሪው የቀበሌ መታወቂያና ደመወዝተኛ ዋስ ጠየቀ። መታወቂያውን እናቱ ምስክር ይዘው ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አስወጡለት። ዋሱ ግን ከበደ። ዘመድ ላለው ሰው ዋስ ማለት አንድ ስልክ ነው፤ ለእርሱ ግን የተዘጋ በር ነው።

እኔ ደግሞ ዋስ ስለመሆን ሰብኬያለሁ! ምሳሌ 11፥15ን ጠቅሼ፣ ለሌላ ሰው አትዋሱ ብዬ ሁለት እሑድ አስተምሬያለሁ። ለሽማግሌዎቹ "መጽሐፉ ይከለክለኛል" አልኳቸው። ባለቤቴ ማታ ቡና እየቀዳች፣ "ይሁዳስ ለብንያም ምን ሆነ?" አለችኝ። ዘፍጥረት 43ን ገልጬ አየሁ። ከዚያ ዕብራውያን 7፥22 መጣብኝ፤ ጌታ ራሱ ዋስ ተብሎ የተጠራበት። ምሳሌ የሚያስጠነቅቀው ያለ ማስተዋል የሚዋሰውን ነው፤ እውነት ነው፣ ዛሬም አምንበታለሁ። እኔ ግን ጥቅሱን የተጠቀምኩበት ለማስተዋል አልነበረም። ለፍርሃቴ ነበር። ልጁ ቢያጎድል ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ደመወዜን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በማግሥቱ ፈረምኩ። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ልጁም አይቷል።

አሁን በአጥቢያችን ከአደራ ቤት ለሚወጣ እያንዳንዱ ወጣት ሁለት ሰው እንመድባለን፦ አንዱ ዋስ፣ አንዱ ጠያቂ። ገንዘብ ስለሌለን ገንዘብ አልጀመርንም። የፋሲካ ዕለት በማን ቤት እንደሚውል ግን አስቀድመን እንጠይቃለን። ሁለት ወጣቶች ጠፍተውብናል፤ አንደኛው ጋላባትን ተሻግሯል ይባላል፣ ስልኩ አይሠራም።

የሚዛኑ ልጅ ግን አለ። ባለፈው ሳምንት ሳልነግረው መጋዘኑ ሄድኩ፤ በጆንያዎቹ መካከል አቧራ ለብሶ ቆሟል። "ፓስተር፣ ምን ሆኑ?" ብሎ ደነገጠ። "ምንም፣ እንዴት እንደዋልክ ላይ ነው" አልኩት። የእናቱን ሽሮ በፌስታል ሰጠሁትና መኪናው ሳይሄድብኝ ተመለስኩ።