ጠመንጃ ፍለጋ ቢዝሊ

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ባቡር ስሳፈር ደብተሬ ላይ የሦስት ጠመንጃዎች ስም ጽፌ ነበር። ለሳምንታት እንቅልፌን እየተውኩ ቪዲዮ ሳይ የለቃቀምኳቸው ናቸው። ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም ከባድ፣ ትልልቅ መነጽር የተጫነባቸው፣ ዋጋቸውን ለባለቤቴ ለመናገር የማልደፍረው። ማታ ስመለስ ሦስቱንም ሰርዣቸዋለሁ።

ከግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ብሩክዉድ ከምትባል ትንሽ ጣቢያ ወረድኩ። ከሐዲዱ በስተደቡብ የእንግሊዝ ትልቁ የመቃብር ቦታ ተንጣሏል። የኛ መንገድ በሰሜን ነው። የጋበዘኝ የሥራ ባልደረባዬ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኝ ስለነበር ጥድና ቁጥቋጦ የሞላበትን አሸዋማ ምድር አቋርጠን ወዲያው ደረስን። ቢዝሊ የብሪታንያ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የሰፈረበት ነው። አጥር፣ ሽቦና ኮስታራ ዘበኛ ጠብቄ ነበር። የጠበቁኝ ግን ባለ በረንዳ የእንጨት ቤቶች፣ የተከረከመ ሣር፣ ሻይ የያዙ ሽማግሌዎች ናቸው። በረንዳዎቹ የአራዳን የድሮ ቤቶች አስታወሱኝና ገና ጥይት ሳልሰማ ልቤ ተረታ።

ማኅበሩ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ሜዳው ዊምብልደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 የመጀመሪያው ውድድር ሲከፈት የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ጠመንጃው የዊትዎርዝ ሥራ ነው፤ በማስደገፊያ ላይ ተጠምዶ አስቀድሞ ተነጣጥሯል። ንግሥቲቱ ከምላጩ የታሰረውን የሐር ገመድ ሳበች፤ ጥይቱም በ400 ያርድ ርቀት ከዒላማው እምብርት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ራቅ ብሎ አረፈ። ባልደረባዬ ይህን በኩራት ሲነግረኝ እኔ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አጼ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ የጠጡት ሽጉጥ ከዚችው ንግሥት የተላከ ስጦታ ነበር። ያን ዕለት አምባውን የወጡት የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ደግሞ ስናይደር የሚሉትን አዲስ ጠመንጃ ነው፤ በእኛ አፍ ሰናድር። የአጼው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በኋላ የተማረበት የጦር ትምህርት ቤት ሳንድኸርስትም ከዚህ ሜዳ ሩቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ አልነገርኩትም። ቀኑ የደስታ ቀን ነበረ።

እኛ ጠመንጃን በስም እናውቀዋለን። ከፈረንሳዩ ግራ ውጅግራን፣ ከማንሊከር ምንሽርን፣ ከለበል ለበንን አውጥተናል። አያቴ ምንሽሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ ያየው ነበር አሉ። ጠመንጃ የወንድ ማዕረግ በሆነበት ቤት ያደገ ሰው ለመዝናኛ ጠመንጃ ልግዛ ሲል መጀመሪያ የሚያየው ግርማውን ነው። እኔም ያንኑ ነበር ሳይ የከረምኩት።

ሴንቸሪ የሚባለው ሜዳ ላይ ስንደርስ ከጎን ወደ ጎን ከመቶ በላይ ዒላማዎች ተደርድረዋል። ዕለቱ የእንግዶች ቀን ስለነበር ፈቃድ ባይኖረኝም በሕግ መሣሪያ እንዳልነካ የታገድኩ ሰው አለመሆኔን ፈርሜ፣ አሠልጣኝ አጠገቤ ሆኖ እንድተኩስ ተፈቀደልኝ። አሠልጣኙ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። የደብተሬን ሦስት ስሞች ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና መልሰው ሰጡኝ። «የትኛው ዓይንህ ነው የሚመራው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «እንግዲያው ስለ ጠመንጃ ለማውራት ገና ነው።»

እጆቼን ዘርግቼ በመዳፎቼ መካከል ጠባብ ቀዳዳ አበጅቼ ሩቅ ያለ ባንዲራ እንዳይ አዘዙኝና ዓይኖቼን ተራ በተራ አስጨፈኑኝ። ቀኝ ሆነ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ በደረቴ አስተኙኝ። አንዱን ጠመንጃ አስያዙኝ፤ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ስለበዛብኝ አንገቴ ተንጠራራ። ሁለተኛው አጠረኝ፤ አውራ ጣቴ አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሦስተኛውን በመፍቻ ሰደፉን ገፋ፣ የጉንጭ ማስደገፊያውን ከፍ እያደረጉ አስተካከሉልኝ። ጉንጬ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ራሱ ከማነጣጠሪያው ቀዳዳ ፊት ተገኘ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ቆሜ እጅጌዬን የተለካሁ መሰለኝ። ጠመንጃ በልክ እንደሚሰፋ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። የአያቴ ምንሽር በልኩ የተሠራ አልነበረም።

ሦስተኛው ጠመንጃ አስቀያሚ ነው። ሰደፉ የተፋፋቀ፣ ቀለሙ የወየበ፣ ካዝና የሌለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከተተኮሰ በኋላ በእጅ ተከፍቶ የሚዘጋ። መነጽር እንኳ የለውም፤ ከፊት ቀለበት፣ ከኋላ ጠባብ ቀዳዳ፣ በቃ። በቢዝሊ የቆየው የውድድር ዓይነት በዚህ መሣሪያ እስከ 1000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ይተኮስበታል። የሚጎርሰው 308 ዊንቸስተር ነው። ቁጥሩ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው ሲባል ከክላሹ ጋር አንድ እንዳይመስላችሁ። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የዚህኛው 51 ነው፤ ባሩዱም በዚያው ልክ ይበዛል።

እዚህ ላይ የነፋሱን ነገር ልናገር፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነውና። አሥር ግራም የምትመዝን የ308 እርሳስ 1000 ያርድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅባታል። በዚያች ጊዜ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ከጎን ከመታት ሁለት ሜትር ያህል ይገፋታል። ይህ አውሎ ነፋስ አይደለም፤ የተሰጣ ልብስ የሚያወዛውዝ ነው። ስለዚህ በሜዳው ርዝመት ባንዲራዎች ተተክለዋል፤ ተኳሹ ከመተኮሱ በፊት እነሱን ያነባል። አዛውንቱ በአንዲት የቆመች መነጽር ሩቁን አየር እያዩ፣ «አሁን እየሮጠ ነው፤ ቆይ። ቆይ። ደከመው። አሁን» ይሉኛል። እኔም አየሁ። ምድሪቱ ስትሞቅ አየሩ እንደ ወራጅ ውኃ ይንቀለቀላል፤ የሚሄድበትን አቅጣጫ ካያችሁ ነፋሱን አያችሁት ማለት ነው። ገበሬ ምርቱን ሊያዘራ መንሹን ይዞ ነፋስ ሲጠብቅ አውድማ ላይ አይቻለሁ። አዛውንቱ ያን ገበሬ ነበሩ።

ከስድስት መቶ ያርድ ነበር የተኮስኩት። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ዒላማው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ከስር ያሉት ሰዎች ቀዳዳው ላይ ምልክት ሰክተው መልሰው ያነሡታል። አራተኛዋን ጥይት ስልክ ትንፋሼ የተረጋጋ፣ ቀለበቱ ጥቁሩን ክብ ጥርት አድርጎ የያዘ ነበር። ምላጩ መቼ እንደተሳበ እንኳ አልታወቀኝም። ዒላማው ግን አልወረደም። ጠበቅን። በስተቀኝ ያለው የጎረቤቴ ዒላማ ወርዶ ተነሣ፤ ሁለት ቀዳዳ ይዟል፤ አንዱ እምብርቱ ላይ። የኔ ናት። የዕለቱን ምርጥ ጥይቴን በሰው ዒላማ ላይ ነው ያሳረፍኳት! ለእኔ ባዶ ተጻፈ፤ ለጎረቤቴ ከሁለቱ የተሻለው ተመዘገበለት፤ ኮፍያውንም አንሥቶ አመሰገነኝ። አዛውንቱ ሳቃቸውን ሲጨርሱ፣ «ቁጥሩን አንብብ፣ ባንዲራውን አንብብ፣ ከዚያ ተኩስ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን ስለ ግዢው ተነጋገርን። 6.5 ክሪድሞር የሚሉት እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የመጣ ጥይት ነፋስን ከ308 በተሻለ ይቋቋማል፤ ግን በርሜሉን ቶሎ ይበላዋል። 223 ሬሚንግተን ትከሻ አይመታም፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ሩቅ ለመሄድ ግን ረጅምና ከባድ እርሳስ፣ ለእሱም ጥምዙ ጠበቅ ያለ በርሜል ይፈልጋል። መነጽር የለመደ ሰው ኤፍ ክላስ የሚባል ውድድር አለለት፤ በአንደኛው ዘርፉ በ308 ወይም በ223፣ ባለ ሁለት እግር ማስደገፊያ ላይ፣ መነጽሩ ሁሉ ተደምሮ ከ8.25 ኪሎ ሳይበልጥ። ያገለገለ ጠመንጃ ስትገዛ ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ በርሜሉ ጠይቅ ይላሉ አዛውንቱ፦ ስንት ጥይት አልፎበታል? በርሜል እንደ መኪና ጎማ ነው፤ ያልቃል፣ ይቀየራል። ሰደፉና ምላጩ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራሉ። የቀረውን ገንዘብ ለጥይትና ለልምምድ። ቪዲዮዎቹ ይህን አልነገሩኝም፤ የሚሸጡት ጠመንጃውን ነዋ።

በእንግሊዝ አገር ጠመንጃ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ቢያንስ ሦስት ወር በክለብ ተለማማጅ መሆን፣ ሐኪም፣ የሚመሰክር ሰው፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ፖሊስ፣ ግድግዳው ላይ በቡሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ይጠበቃል። ለጥድፊያዬ ጥሩ መድኃኒት ሆነኝ። በእነዚያ ወራት የክለቡን ጠመንጃዎች እየተዋስኩ በቀጭኗ 22 ጥይት ትንፋሽና ምላጭ ተማርኩ። የነጥብ ደብተሬ ላይ ደግሞ ከጠመንጃ ስም ይልቅ የነፋስ አቅጣጫ በዛ።

የገዛሁት በመጨረሻ ያን ዓይነቱን ነው፤ 308፣ ያገለገለ፣ ነጠላ ጥይት የሚጎርስ፣ ሰደፉ የሚረዝምና የሚያጥር፣ አዲስ በርሜል የገባለት። ባለቤቴ አይታ፣ «ይሄ ነው እንዴ?» አለች።

መሞከር የምትፈልጉ ለንደን ያላችሁ፣ ቀድማችሁ ለአንድ ክለብ ጻፉና የእንግዶች ቀኑን ጠይቁ። ጠመንጃውንና የጆሮ መሸፈኛውን ያውሷችኋል። ብሩክዉድ ስትወርዱ መውጫችሁ በሰሜን በኩል ነው። ጃኬት ያዙ፤ ሜዳው ይነፍሳል።