አውራ ጣት የማያክል ዘማች

ትናንት ማታ አንድ ዘማች ሳለብስ አመሸሁ። ትንሽ ቅርጽ ነው፣ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር፤ የጦርነት ጨዋታ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች የለመዱት መጠን። እኔ የምቀባው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈውን የኢትዮጵያ ጦር ነው።

ነጠላ መቀባት ቀላል ይመስላችኋል? ነጩን እንደ ወረደ ከለቀለቃችሁት የኖራ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ከግራጫ እጀምራለሁ። ከዚያ በውሃ ያቀጠንኩትን ነጭ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብኩ፣ የእጥፋቱን ጫፍ ጫፍ ብቻ አበራዋለሁ። ግራጫው እጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ጨርቁም ያኔ ጨርቅ ይሆናል። ጥለቱን የማሰምረው ሁለቱን ክርኖቼን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው።

መሣሪያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ያንን ሠራዊት ጦርና ጋሻ ብቻ ማስያዝ ስህተት ነው፤ አብዛኛው ዘማች ጠመንጃ ነበረው። የኔዎቹም ይዘዋል።

ፊት ላይ ግን እቆያለሁ። ቆርኪ ላይ ቡኒ፣ ትንሽ ቀይ፣ ጠብታ ቢጫ እደባልቃለሁ፤ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ቀይ ዳማ፣ አንዱ ጥቁር ይወጣል። ወንድማማች ሳይሆኑ አገር እንዲመስሉ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ተራው ማዶ ለሚሰለፉት፣ ለጣሊያን ለተቀጠሩት አስካሪዎች ይደርሳል። ቆባቸው ቀይ ነው፤ መቀነታቸው እንደየሻለቃቸው ይለያያል። ለፊታቸው ግን ብሩሼን የምነክረው እዚያው ቆርኪ ውስጥ ነው። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ብሩሹን አስቀምጬ ትንሽ ዝም እላለሁ።