«ይማርሽ» የሰለቸኝ ሴት

እኔ እያነጠስኩ ሰነበትኩ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ሰባት ጊዜ ያስነጥሰኛል። አላጋነንኩም፤ አብራኝ የምትተኛው ታናሽ እህቴ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና ትቆጥርልኛለች። በመጀመሪያው «ይማርሽ» ትላለች፣ በሁለተኛውም ትደግማለች፣ ከሦስተኛው በኋላ ግን «ኧረ በቃሽ!» ነው። እኔም «ያኑርሽ» ማለቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ሰው ሁሉ ጉንፋን ይለዋል። ጉንፋን ቢሆን ኖሮማ በሳምንት፣ ግፋ ቢል በአሥር ቀን ለቆኝ ይሄድ ነበር! የእኔው ትኩሳት የለው፣ መሄጃ የለው። አፍንጫዬን፣ ላንቃዬን፣ ዓይኔን ይበላኛል፤ ቀን እንደ ውሃ የቀጠነ ይወርደኛል (ቁርስ ላይ ያላችሁ ይቅርታ)፤ ሌሊት ደግሞ ይደፈንና አፌን ከፍቼ አድራለሁ። ሰፈራችን ውስጥ «ሳይነስ ነው» የሚል ሐኪም ሞልቷል። አንዷ ጎረቤታችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ሰሞንማ ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ባነጥስ ረዳቱ ሒሳቤን መልሶ አወረደኝ።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው እንቅልፉ ነው። አፍን ከፍቶ ያደረ ሰው ተኛሁ ይበል እንጂ አልተኛም። ያን ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከፋርማሲ የገዛኋት ክሎርፌኒራሚን የምትባል ትንሽ ክኒን ማሳከኩን ቀጥ ታደርገዋለች፤ ግን እኔንም አብራ ታስተኛኛለች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እየፈዘዝኩ መልስ ስሰጥ ውዬ ማታ ሒሳብ ሲወራረድ 1,400 ብር ጎደለ። ከደመወዜ ተቆረጠ። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ አለቃዬ ዓይኔን አይቶ «ማታ ማታ የት ነው የምታመሺው?» ማለቱ ነበር። አፍንጫዬን አሞኝ ነው ብል ማን ያምነኛል? አፍንጫ በሽታ ነው እንዴ!

ክኒኗን ትቼ ወደ አፍንጫ ጠብታ ዞርኩ። ወይ ጉድ! ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ እንደ ልብ መተንፈስ። አራት ወር ሙሉ ከቦርሳዬ አልወጣችም። በኋላ እንደተረዳሁት እነዚህ አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎች ከጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ከአምስት ቀን በላይ አይወሰዱም። ያበጠውን ሥር ያኮማትሩታል፤ ሲለቁት ግን ከበፊቱ ብሶ ያብጣል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ጠብታ ትፈልጋላችሁ። ሱስ በሉት።

ትልቁ ጣጣ ግን ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ ቡና ያለ ዕጣን አታፈላም። አባቴ ካረፈ ወዲህ የልባችንን የምናወራው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጭሱ ሲነሳ ሲኒዬን ይዤ ወደ በር እወጣለሁ። መጀመሪያ «ቡናዬን ናቅሽው?» አለች። ቆይታ ግን ዝም አለች፤ ዝምታዋ የባሰ ነው። ከዕጣን የሚሸሸው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ መቼም! አንድ ሌሊት ስትጸልይ ሰማኋት፤ «ልጄን የያዛትን ልቀቅልኝ» ትላለች። ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን አልነቅፍም፣ አምኜበት ነው የሄድኩት። ግን ያደርንበት ጉዝጓዝ ሣር ለአፍንጫዬ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ገባሁ፤ እናቴንም ይዣት። ሐኪሙ ለእሷ ነበር የሚያስረዳው። «እማማ፣ ዘበኛው ነው የተሳሳተው» አላት። አቧራውን፣ የሣር ብናኙን ሌባ መስሎት ይጮሃል፤ ሰውነት ሂስታሚን የሚባል ነገር ይረጫል፤ ማስነጠሱም ማሳከኩም የዚያ ነው። የዕጣን ጭስ ደግሞ የተቆጣውን አፍንጫ ይበልጥ ያስቆጣዋል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው ከ10 እስከ 30 የሚሆነው ይሄ የአፍንጫ አለርጂ እንዳለበት ሲነግራት እናቴ «ይሄ ሁሉ ሰው!» ብላ አማተበች።

እኔ በየመስከረሙ አደይ አበባን ስወነጅል ነው የኖርኩት። ለካስ ንብ የሚያመላልሰው የአበባ ብናኝ ከባድ ነው፤ በነፋስ የሚመጣብን የሣሩ ነው። ከሁሉ የከፋው ጠላቴ ግን ከሥሬ ነበር። በዓይን የማትታይ የአቧራ ተባይ ፍራሽና ትራስ ውስጥ ትኖራለች፤ ፍራሻችን ደግሞ የእኔ እኩያ ነው! አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ ከ60 ዲግሪ በማያንስ ሙቅ ውሃ ማጠብ ጀመርን።

ሐኪሙ ያዘዘልኝ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ነው። እንደ ጠብታዋ ወዲያው አይከፍትም፤ ሙሉ ጉልበቱ እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በየቀኑ ካልተወሰደም ዋጋ የለውም። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብዬ ልጥለው ነበር። አነፋፉም ዘዴ አለው፦ ቀኙን በግራ እጅ፣ ግራውን በቀኝ እጅ፣ አፉን ወደ ውጭ ጎን አዙሮ ነው እንጂ መሃል ግድግዳው ላይ መርጨት ያደማል። ክኒን የግድ ካስፈለገ ሎራታዲንን የመሳሰሉት እንደ ድሮዎቹ አያስተኙም። ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ የሚደፈን፣ ደም የሚቀላቅል ወይም ደረት ሲር ሲር የሚያደርግ ከሆነ አለርጂ ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

ዛሬ ጠዋት ያነጠስኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ እህቴ ምስክር ናት። እናቴም ዕጣኑን ቡናው ሳይቀርብ ደጅ ታጨስና ከሰሉን እዚያው ትታ ትገባለች። የፊታችን ቅዳሜ ግን የማኅበር ተራዋ ነው። «እንግዳ ያለ ዕጣን አልቀበልም» ብላለች፤ እኔ ጓዳ ሆኜ እንጀራ ላቅርብ አልኩ፤ እሷ ደግሞ «ልጄ ከእንግዳ ተደብቃ?» ትላለች። እስካሁን አልተስማማንም።