ሁለት አዛውንት በልጆች ከተማ

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እኔና ባለቤቴ ለዕረፍት ወደ ፍሎሪዳ ሄድን። እኔ 63፣ እሱ 69 ዓመታችን ነው። የሄድነው ለልጆች ወደ ተሠራ ቦታ ሲሆን፣ ልጅም የልጅ ልጅም አልያዝንም። ሦስት ቀን በኦርላንዶ የመዝናኛ ፓርኮች፣ ሦስት ሌሊት ደግሞ በመዝናኛ መርከብ አሳለፍን። ትኬቱን የገዛችልን ልጃችን ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ ስንገባ ልጃችን አምስት ዓመቷ ነበር። ከዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጥን። ባለቤቴ የሌሊት ታክሲ ያዘ፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂና አልጋ አንጣፊ ሆንኩ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ልጅቷን የምንረካከበው በር ላይ ነበር። የእሱን ራት ከድኜ ምድጃው ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ እሱም ሳህኑን አጥቦ ይሄዳል። ተጣልተን አናውቅም፤ ለመጣላትም አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ልጃችን ሦስተኛ ክፍል ሳለች የክፍል ጓደኞቿ ዲዝኒ ዎርልድ ሄደው መጡ። "እኛስ መቼ ነው?" አለችን። "በሚቀጥለው ዓመት" አልናት። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ አልናት። ለአገር ቤት የሚላክ ነበረ፣ የቤት ክፍያ ነበረ፣ የሰው ሠርግና ለቅሶ ነበረ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት መጠየቋን ተወች። ልጅ መጠየቅ ሲያቆም ወላጅ የተገላገለ ይመስለዋል።

ዛሬ 32 ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት፣ የአራት ዓመት ልጅም አላት። ትኬቱን ስታመጣልን "ልጁን ይዘን እንሂድ" ብንላት እምቢ አለች። "እሱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሞግዚት ሆናችሁ ትመለሳላችሁ። ይኼ የእናንተ ነው" አለች።

ጉዞው በባቡር ተጀመረ። ከቨርጂኒያ ሎርተን ተነስቶ ፍሎሪዳ ሳንፎርድ የሚደርስ፣ ሰዎችን ከነመኪናቸው የሚጭን ባቡር አለ። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ማታ ተሳፍሮ በማግሥቱ ጠዋት መድረስ ነው። መኪናችን ዝግ ፉርጎ ውስጥ ሲገባ ባለቤቴ ቆሞ አየውና፣ "ስንት ዘመን ሰው አሳፈርኩ፤ ዛሬ እኔንም መኪናዬንም አሳፈሩን" አለ። የያዝነውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ተኛን።

ማክሰኞ ማጂክ ኪንግደም ገባን። ይህ ፓርክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነው። መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ መክፈቻውን ሳያይ በ1966 ሞቷል፤ ሥራውን ከዳር ያደረሰው ወንድሙ ሮይ ነው። ዛሬ አካባቢው አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉት፤ ይዞታውም ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪና ካቆሙ በኋላ በጀልባ ወይም ከፍ ብሎ በተዘረጋ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር ይገባል። 57 ሜትር ከፍታ ያለው የሲንደሬላ ግንብ ይታያል። የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከመቶ ዶላር ያልፋል፤ ልጃችን ያወጣችውን ሳስብ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

እዚህ ላይ ለእኩዮቼ አንድ ምክር አለኝ። ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ከጠዋቱ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ተከራዩ። ባለቤቴ "እኔ? ሰው ምን ይላል?" ብሎ እምቢ አለ። "እዚህ ማን ያውቅሃል?" ብለው አልሰማኝም። ሁለት ሰዓት ሳንሄድ ጉልበቱ አብጦ አጥር ተደግፎ ቆመ። ተመልሼ ወንበሩን አመጣሁና እየገፋሁት ዞርን። ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው ሲነዳ ደግሞ አያስችለውም። "ወደ ቀኝ ያዢ፣ ቀስ በይ፣ ሰው አለ" ሲለኝ ዋለ። "ሂሳቡን ስትወርድ ትከፍላለህ" አልኩት።

ያገሩ ሁሉ አሻንጉሊቶች በየአለባበሳቸው እየጨፈሩ በሚዘፍኑበት ዋሻ ውስጥ በጀልባ ተንሸራሸርን። ይህ ትርዒት መጀመሪያ የተሠራው በ1964 ለኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር። አሳንሰን ያየነው ነገር ነበር፤ ስንወጣ ግን ሁለታችንም ዜማውን እያንጎራጎርን ነበር።

ማታ ግንቡ ላይ ርችት ሲተኮስ ከፊታችን አንድ አባት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ሴት ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቆሟል። ልጅቷ ከባድ ናት፤ ሰውየው ያልበዋል፤ አላወረዳትም። ባለቤቴ ርችቱን ሳይሆን እነሱን ሲያይ አየሁት። ስንወጣ አንድ ሱቅ ውስጥ አስገፋኝና የአይጧ ጆሮ ያለበት ጥቁር ቆብ መረጠ። ጀርባው ላይ በቢጫ ክር የልጃችንን ስም አስጠለፈበት። "ለልጅዋ ነው?" ስለው "ለእሷ ነው" አለኝና ዝም አለ።

ረቡዕ ኤፕኮት ነበርን። እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተ ፓርክ ሲሆን፣ በሐይቅ ዙሪያ 11 አገሮች በየሕንፃቸውና በየምግባቸው ተደርድረዋል፤ ሜክሲኮ፣ ኖርዌይ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሞሮኮ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ካናዳ። ዙሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስተናጋጆቹ ደረታቸው ላይ ስማቸውና የመጡበት ከተማ ተጽፏል። ኢትዮጵያ የለችም፤ ከአፍሪካ አገር ሆና የራሷ ሕንፃ ያላት ሞሮኮ ብቻ ናት። የእሷን የግድግዳ ጌጥ ለመሥራት ንጉሥ ሐሰን ሁለተኛ የአገራቸውን የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ልከው ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ምሳ የበላነው ሜክሲኮ ነው። ምግብ ቤቱ የፒራሚድ ቅርጽ ባለው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ቀትር ላይ ገብታችሁ ውስጡ አመሻሽ ይሆንባችኋል፤ በአጠገባችሁ ጀልባ ያልፋል። የጾም ቀን ስለነበር ባቄላና ሩዝ፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ ከበቆሎ የተጋገረ ቂጣ አዘዝን። ባለቤቴ በእጁ ጠቅልሎ ሲጎርስ "እነዚህስ ዘመዶቻችን ናቸው" አለ።

ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ሰዓቴን ሳይ በአሥር ደቂቃ ጨርሰናል። እሱ የታክሲ ሰው ነው፤ መሪ ላይ ሆኖ መዋጥ ለምዷል። እኔ ደግሞ የሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ቆሜ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። አስተናጋጇ ባዶውን ሳህን አይታ ደነገጠች። ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር ኖረን፣ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ምን እንደሚወራ እንደማናውቅ ያን ቀን ገባኝ። አፈርኩ፤ ትንሽም ፈራሁ።

ሐሙስ አኒማል ኪንግደም ሄድን። ውስጡ "ሐራምቤ" የሚሉት፣ የምሥራቅ አፍሪካን ከተማ የመሰለ መንደር አለ። ቃሉ በስዋሂሊ "አብረን እንሳብ" እንደማለት ነው። ግድግዳው ሆን ተብሎ እንዲሰነጠቅና ቀለሙ እንዲለቅ ተደርጓል። "እኛ ሰፈር ይህን በነፃ እናይ ነበር" ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ በክፍት መኪና ሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈጅ መንገድ ቀጭኔ፣ ዝሆንና ጉማሬ አየን። መጨረሻው ላይ አንድ አንበሳ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል።

"ትዝ ይልሻል?" አለኝ ባለቤቴ። ትዝ ብሎኛል። የመጀመሪያ ቀጠሯችን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበር። በፍርግርጉ በኩል አንበሳውን እያየን ግማሽ ኪሎ ብርቱካን ልጠን ጨረስን፤ ሁለታችንም ስለ አንበሳው ብቻ እናወራ ነበር። "ያን ቀን ሌላ የምለው ነበረኝ፤ አንበሳው ሲያገሳ ጠፋብኝ" አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀ። በዚያው ማታ ኢንተርናሽናል ድራይቭ በሚባለው ጎዳና ካለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ገብተን በአንድ ትሪ ራት በላን። ዶሮውን አንስቶ አጎረሰኝ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ መኪናችንን አስነስተን ወደ ወደብ ሄድን። ፖርት ካናቬራል ከኦርላንዶ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ጠፈርተኞች ከሚነሱበት ከኬኔዲ ማዕከል አጠገብ ነው። መርከቧ ላይ ክፍልና ምግብ በትኬቱ ውስጥ ናቸው። ለስላሳ መጠጥና ልዩ ምግብ ቤቶች ግን ይከፈልባቸዋል፤ የሠራተኞች ጉርሻም በየቀኑ ሂሳብ ላይ ይደመራል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከድንጋጤ ያድናል። ከመነሳታችን በፊት የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያችንን እንድናውቅ ተደረገ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ እጄ ሳላዘው አልጋውን አነጠፈ። ማዕዘኑን አጥፌ ጨረስኩ። ክፍላችንን የሚያጸዳው የፊሊፒንስ ሰው ሲገባ አልጋውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። "ሆቴል ሠርተሻል?" አለኝ። "ሃያ አራት ዓመት" አልኩት። ሁለት ልጆች እንዳሉትና ወራት ሳያያቸው እንደሚቆይ ነገረኝ። ከሰዓት ስንመለስ ፎጣውን በዝሆን ቅርጽ አጥፎ አልጋው ላይ አስቀምጦልናል። በመጨረሻው ቀን እኔም ፎጣውን እንደ ወፍ አጥፌ ጉርሻውን ክንፏ ሥር አኖርኩለት።

ቅዳሜ ናሳው ላይ ወረድን፤ የባሃማስ ዋና ከተማ ናት። በባርነት የተያዙ ሰዎች ከአለት የፈለፈሉት፣ 65 ደረጃ ያለው "የንግሥቲቱ ደረጃ" የሚባል አለ። ባለቤቴ ታች ጥላ ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔ ስድስት ጊዜ አርፌ ወጣሁ። ምሳ ከአተር ጋር የተቀቀለ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ በላን። የታወቁበትን የባሕር ቀንድ አውጣ ግን ሁለታችንም አልደፈርነውም።

መርከቧ ላይ ራት በየማታው በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅ ነው። ጠረጴዛችን ለሁለት ሰው ነበር። ምግቡ በሦስት ዙር ይመጣል፤ መቸኮል ብትፈልጉም ወጥ ቤቱ አይቸኩልም። ዓርብ ማታ የጾም ምግብ ጠይቀን የዙሮቹን ክፍተት በዝምታ አሳለፍነው። ቅዳሜ ማታ ሾርባው ተነሥቶ ሁለተኛው ዙር ሳይመጣ ባለቤቴ ማንኪያውን እያዞረ ጀመረ።

"ያኔ አንድ ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ አንድ ቤተሰብ አየር ማረፊያ አደረስኩ። ሴት ልጅ አለቻቸው፤ የኛን ልጅ ታክላለች። ዲዝኒ ነው የሚሄዱት። ባለጆሮ ቆብ አድርጋ መንገዱን ሙሉ ስታወራኝ ሄደች። አባትየው ጥሩ ጉርሻ ሰጠኝ። እነሱ ከወረዱ በኋላ ተራ ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ቤት ስመጣ አንቺ በር ላይ ኮት ለብሰሽ ቆመሻል። አልነገርኩሽም።"

ሃያ ሦስት ዓመት ተሸክሞት ኖሯል። እኔም የራሴን ነገርኩት። አስተናጋጁ ሦስተኛውን ዙር ይዞ መጥቶ ተመለሰ። ከአዳራሹ የወጣነው ወንበር ሲደራረብ ነው።

ሰኞ ወደቡ ላይ ወርደን በዚያው ባቡር ተመለስን። ልጃችን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በር ከፈተችልን። ባለቤቴ ምንም ሳይል ቆቡን ሰጣት። ገልብጣ ስሟን አነበበች፣ አደረገችው፣ ሳቀች፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ራት በላችሁ?" አለችን።

ትንሹ ልጅ ግን ቆቡን ከእናቱ ራስ ላይ ሊያወርድ እየተንጠራራ አያቱን "እኔስ መቼ ነው?" አለው።

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እኔም ልጃችንም አውቀናል። ግን አላለውም። የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዶ ጭኑ ላይ ዘረጋ፤ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሳምንታት አንዱን መርጦ በእስክርቢቶ ከበበው። እሑድ እሑድም ታክሲ እንደማይነዳ በዚያው ነገረን። ያን ጊዜ ጉልበቱ ከፈቀደ በእግሩ ይሄዳል፤ ካልፈቀደ እኔ እነዳዋለሁ።