ባሕርን ከቤት ስለ ማኖር

ከእንግዳ መቀበያ ክፍላችን በአንዱ ማዕዘን የጨው ውሃ ዓሣና ኮራል የሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ ማቆማችንን የሰሙ ወዳጆች፥ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረና ምን ያህል ድካም እንዳለበት ደጋግመው ስለ ጠየቁን፥ ያየነውን ሁሉ ስሕተታችንንም ሳንሸሽግ በዚህ ገጽ ልንጽፍላቸው ወደድን።

የሥራው ምክንያት እናታችን ናቸው። እርሳቸው ዛሬ በኤርትራ አገር በምትገኘው በምጽዋ ያደጉ ስለ ሆኑ፥ የከተማይቱ የጥንት ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ መሠራታቸውን፥ ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜም ከጀልባ ላይ ጎንበስ ብሎ የባሕሩን ወለል እንደ አበባ ቦታ ማየት ይቻል እንደ ነበረ ሲነግሩን አድገናል። አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ዓይናቸውም ፈዝዞ ከአዲስ አበባ መውጣት ስለማይችሉ፥ እርሳቸው ወደ ባሕር ካልሄዱ ከባሕሩ ጥቂቱን ወደ እርሳቸው ማምጣት ይገባናል ብለን በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጀመርን። ባለቤታችን የገንዳውን ዋጋ በሰሙ ጊዜ ለብዙ ቀን ዝም አሉን፤ ዝምታቸውም ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን።

ገንዳው 200 ሊትር የሚይዝ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፥ ከአሸዋው፥ ከድንጋዩና ከመስተዋቱ ጋራ ክብደቱ ከ250 ኪሎ ያልፋል፤ ስለዚህ በጌጠኛ ጠረጴዛ ላይ እናኑረው የሚል ሰው ቢኖር ምክሩን አይቀበሉት። እኛ የብረት መቆሚያ አሠርተን፥ ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ግድግዳ አጠገብ በሲሚንቶው ወለል ላይ አቆምነው።

ስለ ጨው ግን ብዙ ክርክር ተነሣ። አንድ ዘመዳችን፥ «የአፋር ጨው ራሱ የባሕር ጨው አይደለምን? ስለ ምን ከውጭ አገር ይገዛል?» ሲሉ ጠየቁን። የአገራችንን ሀብት በቤታችን ማየት ደስ ስለሚያሰኝ እኛም ለጥቂት ቀን በነገሩ ተስማማን። እውነትም የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ እየገባ የደረቀበት ነው። ነገር ግን የባሕር ውሃ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ሁሉ ባንድነት አይረጋም፤ አስቀድሞ ኖራና ጀሶ ይረጋል፥ ቀጥሎ የምንበላው ጨው ይከተላል፥ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ግን በቀረው ውሃ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። ስለዚህ አሞሌ ለወጥ እንጂ ለኮራል አይበቃም። በባሕር ውሃ ከሚገኘው ጨው ከመቶ 85 እጅ ያህሉ የማዕድ ጨው ሲሆን፥ ኮራል አካሉን ለመሥራት የሚሻው ካልሲየም ያለው በቀረው በጥቂቱ እጅ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ሁሉም በልክ የተደባለቀበትን ጨው ወደ ዱባይ በሚመላለስ ዘመድ እጅ አስመጣን።

የቧንቧ ውሃም ክሎሪን ስላለበት እንዲሁ አይጨመርም፤ በረቂቅ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። የእኛ ማጣሪያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲሰጥ ሦስት ሊትር ያህል ይጥላል። ባለቤታችን ይህን ባዩ ጊዜ ዝምታቸውን ትተው፥ የሚጣለው ውሃ ወደ ጽጌረዳቸው እንዲሄድ አዘዙ፤ ጽጌረዳውም ከገንዳው ቀድሞ አማረ። በንጹሑ ውሃ ላይ ለሊትሩ 35 ግራም ያህል ጨው አሟሟን፤ ሙቀቱንም በ25 ዲግሪ እንዲጸና የማሞቂያ መሣሪያ አገባንበት።

አሁን ወደ ስሕተታችን ደረስን። በዘጠነኛው ቀን ውሃው ጠርቶ መስተዋቱ ባዶ እስኪመስል ድረስ ስናየው፥ ሥራው ያለቀ መሰለን። ከውጭ አገር በብዙ ድካም የመጡ፥ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች አገባን፤ ወገናቸው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚኖር፥ መልኩ ብርቱካን የመሰለ፥ በሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ሁለቱም ሞቱ። የስምንት ዓመት ልጃችን ማልዳ ተነሥታ ስላየቻቸው እያለቀሰች ወደ መኝታ ቤታችን መጣች። ለእናታችን ግን አልነገርናቸውም፤ ዓይናቸው ደካማ ስለ ሆነ አያውቁም ብለን ነበር። በማግስቱ ማታ፥ «ዓሦቹ አሉ እያላችሁ አታታልሉኝ፤ የልጅቱ ድምፅ ነግሮኛል» አሉን። ከዓሦቹ ሞት ይልቅ ይህ አሳፈረን።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። ከዓሣው ሰውነትና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚበቅሉ፥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ እስኪበቁ ድረስ አራትም ስድስትም ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የውሃው መጥራት የዚህ ምልክት አይደለም። እንግዲህ ሥልጣኑን ለልጃችን ሰጠናት፤ እርሷም ውሃውን በመመርመሪያ ጠብታ እየፈተነች ቁጥሩን በደብተሯ ስትጽፍ ሰባት ሳምንት ቆየችና፥ አሞኒያውና ናይትራይቱ ጠፍተው አሥር ቀን ከሆናቸው በኋላ ብቻ ሌሎች ሁለት ዓሦች እንድናገባ ፈቀደችልን። እነዚያም እስከ ዛሬ አሉ።

በመጋቢት ወር ኮራሉ መጣ። ከባሕር ተሰብሮ የተወሰደ እንዳይሆን ተጠንቅቀን፥ በሰው እጅ ተቆርጦ የተራባውን መረጥን። ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ እርሱ ግን እንስሳ ነው፥ በሥጋውም ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ረቂቃን አልጌዎች ይኖራሉ። የእኛው ዜንያ የሚባለው ለስላሳ ወገን ሲሆን፥ እያንዳንዱ ራስ ስምንት ጣት እንዳለው እጅ ሆኖ ቀንም ሌሊትም ይከፈታል፥ ይጨበጣል። እናታችን ዓሦቹን ለይተው ማየት ባይችሉም ይህን እንቅስቃሴ ግን ለዩት፤ ወንበራቸውንም ወደዚያ አዞሩ።

ለደጋ አገር ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ዓሣ ማብዛት አይገባም፥ የውሃውንም ፊት የሚያናውጥ ሞተር ሊቆም አይገባውም። በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት መብራት ሰባት ሰዓት ያህል በጠፋ ጊዜ፥ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ አግብተን ገንዳውን በእናታችን ጋቢ ጠቀለልነው። ሙቀቱ ወደ 22 ዲግሪ ወረደ፤ የሞተ ግን አልነበረም። ጋቢውን የሰጡን ሳንጠይቃቸው ነው።

ውሃውም በየቀኑ ስለሚተን ይጎድላል፤ ጨው ግን አይተንም፥ ስለዚህ የሚጨመርለት ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ጥቂቱን ቀድተን በአዲስ የጨው ውሃ እንተካለን። አንድ ቀን አዲሱን ውሃ በባልዲ ስናሟሟ እናታችን ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና፥ «ይህ ባሕር አይደለም፤ ጨው አንሶታል» አሉ። መለኪያው ልኩን ያሳይ ስለ ነበረ ፈገግ አልን። ኋላ ግን ስንመረምር፥ ቀይ ባሕር ከሌላው ውቅያኖስ ይልቅ ጨው የበዛበት መሆኑን፥ በሰሜን በኩልም ለኪሎው 40 ግራም መድረሱን አገኘን። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሚቀየርበት ቀን ባልዲው መጀመሪያ የሚቀርበው ለእርሳቸው ነው፤ መለኪያው ከእርሳቸው በኋላ ይገባል።